ይቺ ቡቃያ ምንድን ናት?

ሰላም ወገኖች። አዳማ ነው የምኖረው። ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ዘርቼ ነበር። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰካሁ፤ ውኃ ሳጠጣ ቀለሙ ታጠበ። ይኸው 3 ሳምንት ሆነ፣ የቱ የት እንዳለ ጠፍቶብኛል።

ግንዷ ቀላ ያለው፣ ከአንድ ፍሬ ሁለት ሦስት ሆና የበቀለችው ቆስጣ ናት። ጎመኗን መጀመሪያ ባወጣቻቸው ልብ በሚመስሉ ሁለት ቅጠሎች ለየኋት። ግን ሰናፍጭም እንደዚያው ናት አሉኝ! ያስቸገረችኝ ሦስተኛዋ ነች። ቅጠሏ ከላይ አረንጓዴ፣ ሲገለብጧት ወይን ጠጅ። ሰላጣ አትመስልም። ጎረቤቴ ያሉ እናት «ከፍጉ ጋር የመጣች አሉማ ናት» ይላሉ። ልነቅላት ብዬ ተውኩት፤ አሉማ ከሆነችማ ትበላለች።

ሌላው ጣጣ፣ የጎመኑ ቅጠል በመርፌ የተወጋ ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳይ ጥቁር ሚጢጢ ነገር አለች፤ ስነካት እንደ ቁንጫ ትዘላለች። አመድ ነሰነስኩ፣ የአዳማ ንፋስ ወሰደው።

ሰላጣውስ ለምን ቀረ? ሙቀቱ ነው ወይስ ጠልቆ ስለተቀበረ? ጎመንና ሰናፍጭን በቡቃያነታቸው የምትለዩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምኑን ልይ?