ለ2 ሌሊት ማርጌት፦ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ከቤተሰብ ክፍል ወጣብን

በኦገስት አጋማሽ፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከለንደን በኬንት ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ማርጌት ከተማ ልንሄድ ነው። እኔና ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ16 ዓመት ወንድሟ። መኪና የለንም።

ጉዞው አልከበደንም። ከለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ማርጌት ለመድረስ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በቤተሰብ የባቡር ካርድ ለእኛ ሲሶው፣ ለልጅቷ 60 በመቶው ይቀነሳል፤ ከጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት በኋላ መሳፈር ብቻ ነው። ልጁ ግን 16 ስለሞላው በዚያ ካርድ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ለ16 እና 17 ዓመት በተዘጋጀው ካርድ ግማሽ ዋጋ ይከፍላል።

ማርጌትን የመረጥነው ለልጆቹ ነው። ድሪምላንድ የመዝናኛ ፓርክ አለ፤ ባሕር ዳርቻው ላይም ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተተከለበት የዋና ጠባቂ ስላለ ለብቻቸው ቢወርዱም አንሰጋም። በአቅራቢያው ባለው ቦታኒ ቤይ የሚባል ባሕር ዳርቻ ያሉትን የነጭ ድንጋይ ዓምዶች ለማየት የምንሄደው ባሕሩ ሲሸሽ ነው፤ ውኃው ሲመለስ ከገደሉ ሥር ያለው መንገድ ይዘጋል።

የቸገረን ማደሪያው ነው። ያየናቸው ሆቴሎች በቤተሰብ ክፍል ከወላጅ ጋር የሚቀበሉት ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ብቻ ነው፤ ሁለት ክፍል ስንይዝ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። የሚከራዩ ቤቶችን ብንጠይቅም በትምህርት ቤት እረፍት ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ አይሰጡም። ፍልሰታም ስለሆነ ትንሽ ማብሰያ ቢኖረው እንመርጣለን፤ አንዳንድ የቺፕስ ሱቅ ድንቹን የሚጠብሰው በበሬ ስብ ነውና።

በሳምንቱ መሀል ለ2 ሌሊት ብቻ አራታችንንም አንድ ላይ የሚቀበል፣ ከማርጌት ወይም ከጎረቤቷ ከብሮድስቴርስ ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ማደሪያ የት እንፈልግ?