«አልፎ አልፎ ብር ቢበላም ችግር የለውም»?

ሶልደር፦ ትናንት አንድ የቡድናችን አባል ለሻይ ቤቱ በረንዳ በኮምፔንሳቶ አሻንጉሊት ማንሻ ማሽን እየሠራ እንደሆነ ገልጾ የትኛው የብር መቀበያ እንደሚሻል ሲጠይቅ፣ ጋሽ መርካቶ «እቤት ለተሠራ ማሽን ርካሹ ይበቃል፤ አልፎ አልፎ ብር ቢበላም ችግር የለውም» ብለው መለሱለት። ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት የእኛ ብር መረጃ በመቀበያው ላይ መጫኑ ነው። መሣሪያው ኖቱን በብርሃን አንብቦ ከተጫነለት መረጃ ጋር ስለሚያመሳክር፣ ለዶላር ብቻ የተዘጋጀው የእኛን 50 ብር እንደ ተራ ወረቀት ይተፋዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው ባለ 200 ሲጨመር፣ መረጃው የማይታደስ መቀበያ የያዘ ሰው ምን ይውጠው ነበር?

ጋሽ መርካቶ፦ ልጄ፣ ሰውየው ባንክ አልከፈተም። ውድ የተባለው መቀበያ ከኮምፔንሳቶው፣ ከሞተሩና ከመስታወቱ ድምር ሊበልጥ ይችላል። በፐልስ፣ ማለትም በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት የሚሠራው ግን 12 ቮልት ከተሰጠው በአንድ የምልክት ሽቦ ማሽኑን ለሚያዘው ቦርድ ይቆጥርለታል፤ ስንት ብር ስንት ፐልስ እንደሚሆን ብዙ ጊዜ በላዩ ባሉት ትንንሽ ማብሪያዎች ይስተካከላል።

ሶልደር፦ ፐልስን አልጠላሁም፤ ለጀማሪ እኔም እሱን እመክራለሁ። ነገር ግን ሞተሩ ሲነሳ የሚፈጥረው ረብሻ በሽቦው በኩል ገብቶ ያልተከፈለ ጨዋታ ሊያስቆጥር ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኖቱ ተስቦ እየገባ ሳለ መብራት ሲጠፋ ነው። ብሩ ውስጥ ሊቀር፣ ቦርዱ ግን ሳይቆጥር ሊጠፋ ይችላል። በሲሪያል፣ ማለትም ከቦርዱ ጋር መልእክት እየተቀባበለ የሚሠራው መቀበያ፣ ቦርዱ «ተቀበል» እስኪለው ድረስ ኖቱን አፉ ላይ ይዞ መቆየት የሚችል በመሆኑ ቢያንስ ይህን አደጋ ይቀንሳል። በእኛ ሰፈር መብራት በቀን ስንቴ እንደሚጠፋ ለጋሽ መርካቶ አልነግራቸውም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ የቴክኒኩን ነገር አላውቅም፤ «ቢበላም» የምትለዋን ቃል ግን አልፋት አልችልም። ልጄ አንድ መጫወቻ ቤት 50 ብር ከትቶ ጨዋታው ሳይጀምርለት ሲቀር፣ ባለቤቱ «ማሽኑ በላው» ብሎ መለሰው። ማሽኑ ሆድ የለውም፤ የሳጥኑ ቁልፍ ያለው በሰውየው ኪስ ነው።

ጋሽ መርካቶ፦ እህቴ፣ በአንዲት ቃል አታንጠልጥሉኝ። ከታክሲ ረዳት እጅ የወጣ፣ ላብ የጠጣ፣ በፕላስተር የተጣበቀ 10 ብር ውዱም መቀበያ አይቀበለውም።

ሶልደር፦ አለመቀበል ሌላ፣ መብላት ሌላ ነው። የተተፋ ብር በልጁ እጅ ነው ያለው።

ጆተኒ ወዳጅ፦ ለመሆኑ ወረቀት ለምን አስፈለገ? ባለቤቱ ቶክን በእጁ ይሽጥና የሳንቲም መቀበያ ይግጠም፤ ወይም በቴሌብር ይክፈሉት።

የሁለት ልጆች እናት፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በየትኛው ስልክ ነው የሚከፍለው? የእኔን ሊወስድ ነው?

ሶልደር፦ ቶክን መጥፎ አይደለም፤ ሰውየው ግን ሻይ እየቀዳ ቶክን መሸጥ አልፈልግም ብሎ ነው መቀበያ የጠየቀው። ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት ሻጩ ፊት አራቱን ኖቶች በየአቅጣጫው ያስገባ፤ አንዱ እየገባ ሳለ ሶኬቱን ይንቀል፤ በመጨረሻም ኖት ላይ ክር አስሮ ካስገባ በኋላ ጎትቶ ለማውጣት ይሞክር።

ጋሽ መርካቶ፦ ሶኬት እንዲነቀልበት የሚፈቅድ ሻጭ ካገኘህ አድራሻውን ላክልኝ። ክር የሚያስር የሰፈር ልጅ ካለ ደግሞ ሰውየው ቴክኒሺያን አድርጎ ይቅጠረው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሽ መርካቶ፣ «ቢበላም» ያሉትን ግን እስካሁን አላነሱትም።