ጃንጎን ወደ 5.0 ካሳደግን ወዲህ ቀጠሮዎች በ33 ደቂቃ ይዛነፋሉ

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ ክሊኒክ የሠራነው የቀጠሮ መመዝገቢያ አለ። ታካሚዎቹ አዲስ አበባ ያሉና ዋሽንግተን ሆነው በቪዲዮ ሐኪም የሚያነጋግሩ ናቸው፤ ሁሉም በየራሳቸው ሰዓት ይመዘግባሉ። የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን ወደ 3.12፣ መመዝገቢያው የተሠራበትን የድረ ገጽ ማዕቀፍ ጃንጎን ከ4.2 ወደ 5.0 አሳደግን። አንድም የስህተት መልእክት አልወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለጠዋቱ 3 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ 3፡33 ሆኖ ይታያል፤ የዋሽንግተኖቹ ደግሞ በ56 ደቂቃ ይዘገያሉ። ቀድሞ የተመዘገቡት ትክክል ናቸው። ሰዓቱን የምንቀበለው በ«ሜክ አዌር» (ለተጻፈ ሰዓት የሰዓት ሰቅ በሚለጥፈው የጃንጎ ተግባር) ነው፤ የሰዓት ሰቁን የምንሰጠው ፓይቲዜድ ከሚባለው የፓይተን ጥቅል ነው። ሰው እየተጉላላ ስለሆነ እባካችሁ ድረሱልኝ።

አቤል፦ እህት ሜሮን፣ 33 የሚለው ቁጥር ራሱ ጥፋቱን ይጠቁማል። የፓይቲዜድ ሰቅ ቀን ላይ በቀጥታ ሲለጠፍ የሚይዘው በሰንጠረዡ መጀመሪያ ያለውን መዝገብ ነው፤ ይኸውም መደበኛ ሰዓት ከመደንገጉ በፊት በፀሐይ ይቆጠር የነበረውን የአካባቢ ሰዓት። በሰዓት ሰቆች የመረጃ ቋት አዲስ አበባ ዛሬ የናይሮቢ ተለዋጭ ስም ናት፤ የናይሮቢ የድሮ ሰዓት ደግሞ ዩቲሲን (የዓለም ማመሳከሪያ ሰዓትን) በ2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይቀድማል። ይህ ዛሬ ዩቲሲን ከምንቀድምበት 3 ሰዓት ቢቀነስ 33 ደቂቃ ይተርፋል። ለዋሽንግተን የምትጠቀሙበት የኒውዮርክ ሰቅ በድሮው ሰዓት ከዩቲሲ በ4፡56 ወደ ኋላ ነው፤ አሁን ሰዓታቸውን ወደ ፊት ስላዞሩ ልዩነቱ 4 ሰዓት ብቻ ሆነና 56 ደቂቃ መጣ። መደበኛ ሰዓታቸው ላይ ሆነው ቢሆን ኖሮ ስህተቱ 4 ደቂቃ ብቻ ስለሚሆን ማንም አያስተውለውም ነበር።

እስከ 4.2 ድረስ ሜክ አዌር የፓይቲዜድን ሰቅ ለይቶ «ሎካላይዝ» የሚለውን (ለቀኑ የሚስማማውን መዝገብ የሚመርጠውን) ይጠራለት ነበር። በ5.0 የፓይቲዜድ ድጋፍ ተወገደ፤ አሁን ማንኛውንም ሰቅ እንዳለ ይለጥፋል። ስህተት ሳያሳይ ዝም ማለቱ ነው ክፋቱ። ሰቁን ከ3.9 ጀምሮ ከፓይተን ጋር በሚመጣው ዞንኢንፎ ተኩት።

ሰርቨር ጠባቂ፦ አቤል ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዞንኢንፎ የሰቆቹን ፋይሎች የሚፈልገው መጀመሪያ ከሰርቨሩ ነው። ዊንዶውስ ላይም ሆነ በጣም በተቀነሰ የሊኑክስ ምስል (የተዘጋጀ የሥርዓት ቅጂ) ላይ ፋይሎቹ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ያኔ ሰቁ አልተገኘም ብሎ ይቆማል። «ቲዜድዳታ» የሚባለውን ጥቅል ከሌሎቹ ጋር አብራችሁ ጫኑ።

ሜሮን፦ ተስተካከለ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የተበላሹትን ቀጠሮዎችስ እንዴት ላድርግ? በጅምላ 33 ደቂቃ ልቀንስ?

ትዕግሥት፦ በጅምላ አትቀንሺ፣ የዋሽንግተኖቹን ታበላሺያለሽ። መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ያዢ። ከዚያ ከማሻሻያው በኋላ የተፈጠሩትን ረድፎች ብቻ ለይተሽ፣ የተቀመጠውን ዩቲሲ በዚያው በተሳሳተው ልክ መልሺው፤ ለአዲስ አበባ 2፡27 ደምሪ፣ ለኒውዮርክ 4፡56 ቀንሺ። ታካሚው የጻፈው ሰዓት ይወጣል፤ እሱን በዞንኢንፎ እንደገና አስቀምጪ። ግን ተጠንቀቂ፦ እንግዳ ተቀባይዋ ስህተቱን አይታ 2፡27 ብላ በመጻፍ 3 ሰዓት ያስወጣችው ቀጠሮ ሊኖር ይችላል። እሱ አሁን ትክክል ነው። ቀጠሮ የምትሰጡት በሙሉና በግማሽ ሰዓት ከሆነ፣ ደቂቃው 33 ወይም 03 የሆነውን የአዲስ አበባ ቀጠሮ ብቻ ንኪ፤ ለዋሽንግተን 56 እና 26 ነው።

ሜሮን፦ አራት የተካካሱ አገኘሁ፤ ባትነግሪኝ ኖሮ አበላሻቸው ነበር። ከቀጠሮው 24 ሰዓት ቀድሞ የሚላከው ማስታወሻስ ይነካል?

አቤል፦ የአዲስ አበባው አይነካም። በኒውዮርክ ሰዓት ወደ ፊት በሚዞርበት የማርች እሑድ ግን፣ በዞንኢንፎ ከእሑድ ጠዋት 24 ሰዓት ስትቀንሺ የቅዳሜን ያንኑ ሰዓት ይሰጥሻል፤ በመካከል ያለፈው 23 ሰዓት ነው። ለማስታወሻ ይህ ይበጃል፣ እንዳለ ተዪው። የመድኃኒት ሰዓት የምትቆጥሩበት ቦታ ካለ ግን ወደ ዩቲሲ ቀይራችሁ ቀንሱ።