ጋሽ ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን የተማሩት ከማን ነው?

ጀማሪው
ኪቦርድ ከገዛሁ 2 ዓመት ሆነኝ። አስተማሪ የለኝም፣ ኖታም አላነብም፤ የሰማሁትን ዘፈን በጆሮዬ ይዤ በጣቴ እፈልገዋለሁ። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ያለ ትምህርት ቤት የትም አትደርስም» ቢለኝ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹን የጋሽ ኃይሉ መርጊያን ስም ጠርቼ ተከራከርኩት። እውነት ራሳቸውን በራሳቸው ነው ያስተማሩት? ደግሞስ አሜሪካ ያን ሁሉ ዓመት ታክሲ ሲነዱ ጣታቸው እንዴት አልዶለዶመም?

ካሴት ሰብሳቢ
አዎ፣ ራሳቸው ናቸው። ደብረ ብርሃን ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ናቸው፤ አኮርዲዮን የጀመሩት በ14 ዓመታቸው ነው። ኦርጋኑ በኋላ መጣ፤ ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሂልተን ዓመታት ተጫውተዋል። «ቼ በለው» የተባለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ነው፤ የአገራችን ቅኝት ፈንክ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ ምት ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ከዚያ ስማ።

የቀድሞ ታክሲ ነጂ
ስለ ጣታቸው እኔ ልመልስልህ። ዋሽንግተን፣ ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ስጠብቅ 11 ዓመት ኖሬአለሁ። ተራህ እስኪደርስ ሁለትም ሦስትም ሰዓት መኪናህ ውስጥ ትቀመጣለህ። እኔ ያን ጊዜ በወሬና በእንቅልፍ ጨረስኩት። ጋሽ ኃይሉ ግን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው፣ የኋላ ወንበር ላይ ሆነው ይለማመዱ እንደነበር በቃለ ምልልስ ተናግረዋል። ስለዚህ «ያ ባለሙያ ታክሲ ነጂ ሆኖ ቀረ» እየተባለ ከንፈር ሲመጠጥ እናደዳለሁ። ምን ቀረ?

ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲመጣ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ እሳቸው እዚሁ ቀሩ። በ1985 አንድ የብቻቸውን ካሴት ሠሩ፦ አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባል የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ የሚባል ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድና ምት የሚመታ ማሽን። ባንድ የለም። አኮርዲዮኑን ልብ ብለህ ስማው፤ ዘፋኝ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ እሱም ይተነፍሳል። ይህን ትምህርት ቤት ያስተምር እንደሆነ ወዳጅህን ጠይቅልኝ።

ካሴት ሰብሳቢ
ያንኑ ካሴት ነው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ያሳተመው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ።

ጀማሪው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። የእኔ ኪቦርድ በባትሪ አይሠራም። ግን የምሠራበት ሱቅ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ አይበዛበትም፤ ከሚዛኑ ጀርባም አንድ ሶኬት አለ።