ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ሐሳቤ ተበታተነ፣ ቡናም አልስማማ አለኝ፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመታት በቀን አንድ ፓኮ ሳጨስ ቆይቼ በቅርቡ ሙሉ በሙሉ አቁሜያለሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ድሮ በአንድ እይታ የምረዳውን ሰነድ አሁን ደጋግሜ ካላነበብኩት አይገባኝም፣ በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፣ እንቅልፌም ተዛብቷል። ይባስ ብሎ ከአቦል እስከ በረካ ያለ ችግር እጠጣው የነበረው ቡና አሁን ገና በመጀመሪያው ስኒ ልቤን ያስመታኛል። ሲጋራው አንጎሌ ላይ ምን ለውጥ አምጥቶ ነው? ይህስ ለውጥ ይመለሳል ወይ?

መልስ ከአንድ ፋርማሲስት፦ ወንድሜ፣ የሚሰማዎት ነገር አንጎልዎ ከኒኮቲን ውጭ መሥራትን እንደገና በመልመድ ላይ መሆኑን ያሳያል። ጭሱ ወደ ሳንባ ከተሳበ በኋላ ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። እዚያም አሴቲልኮሊን የተባለው የአንጎል የራሱ ኬሚካል በሚያርፍባቸው ተቀባዮች ላይ ይጣበቃል፤ ይህም የእርካታ ስሜት የሚፈጥረው ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ አንጎል ማጨስን ሊደገም እንደሚገባው ነገር ይመዘግበዋል። ተቀባዮቹ ቀኑን ሙሉ ኒኮቲን ሲፈራረቅባቸው ግን ይደነዝዛሉ፣ ቁጥራቸውም ከወትሮው ይበዛል። ሲጋራው በድንገት ሲቋረጥ እነዚህ የበዙ ተቀባዮች የለመዱትን ያጣሉ፤ ቁጣውም ሆነ የሐሳቡ መበታተን በዋነኛነት ከዚህ የሚመጣ ነው። ምልክቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ይበረታሉ፣ ከዚያም በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየለዘቡ ይሄዳሉ። የአንጎል ምስል በማንሳት የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የተቀባዮቹ ቁጥር ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ወደማያጨስ ሰው ደረጃ ይመለሳል።

መልስ ከአንድ የቀድሞ አጫሽ፦ ማብራሪያው ትክክል ነው፤ እኔን ግን ለዓመታት ይዞኝ የኖረው «ሲጋራ ጭንቀቴን ያበርድልኛል» የሚለው እምነት ነበር። ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ውስጥ በደም ያለው መጠን በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ፣ አጫሹ በየመሐሉ መቁነጥነጥ ይጀምራል፤ ቀጣዩ ሲጋራ የሚያበርድለትም ይህንኑ ሲጋራ ራሱ ያመጣውን ጭንቀት ነው። በተጨማሪም፣ ጫት የሚቅሙ ከሆነ ለጊዜው ቢተዉት ይሻላል። ጫትም በበኩሉ ዶፓሚንን የሚያነሳሳ ከመሆኑ በላይ፣ ምርቃናውና ሲጋራው አብረው የተለመዱ ስለሆኑ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው እጅግ ይከብዳል።

መልስ ከአንዲት ነርስ፦ የቡናውን ጉዳይ እኔ ላብራራ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው «ማቆሜ በሽታ አመጣብኝ» ብሎ ወደ ማጨስ ይመለሳል። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች በቡና ውስጥ ያለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይንን፣ የሚያስወግደውን የጉበት ኢንዛይም ያፋጥናሉ፤ በዚህም የተነሳ አጫሽ ሰው ካፌይንን ከማያጨሰው በእጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ያስወግዳል። ማጨስ ሲቆም ግን ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ወደ ተፈጥሯዊ ፍጥነቱ ስለሚመለስ፣ ያው የለመዱት ስኒ በደም ውስጥ ብዙ ካፌይን ያቆያል። ስለዚህ ቡናውን ቢያንስ በግማሽ ይቀንሱ፣ ከሰዓት በኋላም አይጠጡ፤ እንቅልፉም በዚሁ ሊሻሻል ይችላል። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙትን ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ የመድኃኒቱ መጠን በዚሁ መንገድ በደሙ ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል፣ ማጨስ ማቆሙን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። የልብ ምቱ ቡና ሳይጠጡም ከቀጠለ፣ ወይም የደረት ሕመም ካለብዎት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጫት አልቅምም፤ ቡናውን ግን ከነገ ጀምሮ ወደ አንድ ስኒ አወርዳለሁ። የኒኮቲን ማስቲካ ብጠቀምስ ይኸው የቡና ችግር ይቀጥላል?

ፋርማሲስቱ፦ ኢንዛይሙን የሚያፋጥነው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ፣ ማስቲካ ቢጠቀሙም ቡናውን መቀነስዎ አይቀርም። ማስቲካውን እንደ ተራ ማስቲካ ያለማቋረጥ አያኝኩት፤ ቀስ ብለው አኝከው አፍዎን መለብለብ ሲጀምር በጉንጭዎና በድድዎ መካከል ያስቀምጡት፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ያኝኩ። ቡናና ለስላሳ መጠጥ የአፍን አሲድነት ስለሚጨምሩ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ከማኘክዎ 15 ደቂቃ አስቀድሞም ሆነ እያኘኩ ሳለ አይጠጧቸው።