የግራ ፍሬቻው ይፈጥናል፤ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ የዳሽቦርዱ ቀስት ፈዝዞ ይበራል

ባለ አሮጌ መኪና (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራች የቤት መኪና አለችኝ። ሞተሯ ደህና ነው፤ መብራቷ ግን አስቸግሮኛል። የቀኙ ፍሬቻ በደንቡ ብልጭ ድርግም ሲል የግራው በእጥፍ ያህል ይፈጥናል። አምፖል ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ የፊቱንም የኋላውንም አውጥቼ አየሁ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የኋላው ግን የፊቱን ያህል ደምቆ አይበራም። ሀዛርድ ሲበራ አራቱም በተለመደው ፍጥነት ይሠራሉ። ፓርኪንግ መብራት በርቶ የግራ ፍሬቻ ሳሳይ የኋላው ቀይ መብራት አብሮ ይርገበገባል፤ ማታ ማታ ፍሬን ስረግጥ ደግሞ የግራው ቀስት ዳሽቦርዱ ላይ ፈዘዝ ብሎ ይበራል።

በዚህ ላይ የፍሬቻው ፊውዝ አልፎ አልፎ ይቃጠላል። እስካሁን እንዳስተዋልኩት የሚቃጠለው ኮረኮንች መንገድ ላይ፣ ያውም የግራ ፍሬቻ በርቶ ሳለ ብቻ ነው። አንድ ባለሙያ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ሪሌ ቀይሮልኝ ምንም ለውጥ አላመጣም፤ አሁን ደግሞ ከመሪው ሥር ያለው የፍሬቻ ማብሪያ ወጥቶ ይቀየር ተብያለሁ። ለዚህች መኪና ማብሪያው እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ፣ ጥፋቱ በእርግጥ የእሱ መሆኑን ሳላውቅ ላስነካው አልፈልግም። ቴስተር አለኝ፣ ቮልት መለካትም እችላለሁ፤ የሽቦ መስመሯን የሚያሳይ ሥዕል ግን የለኝም። ከየት ልጀምር?

ሽቦ ተከታይ

ማብሪያውን ለጊዜው አይንኩት፤ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ወደ ሌላ ቦታ ይመራሉ። በዚያ ዘመን መኪኖች አንዱ መብራት ሲበራ የማይመለከተው ሌላ መብራት አብሮ ከተነሣ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የዚያ ጥግ ማሳ ነው፤ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት ነው። በግራ የኋላ መብራት ቤት ውስጥ ያሉት የፍሬቻ፣ የፍሬንና የፓርኪንግ አምፖሎች ብዙውን ጊዜ ወደ መኪናው አካል የሚመለሱት በአንድ የጋራ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ወይም የታሰረበት ብሎን ሲዝግ፣ ፍሬን ሲረግጡ ወደ ፍሬን አምፖሉ የገባው ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ መመለሻ ያጣና በፍሬቻው አምፖል ክር በኩል ይዞራል፤ ከዚያም የፍሬቻውን ሽቦ ተከትሎ እስከ ፊት አምፖልና እስከ ዳሽቦርዱ ቀስት ድረስ ይሄዳል፤ ማሳ የሚያገኘው እዚያ ነው። ማታ የሚያዩት ፈዛዛ ቀስት ከዚህ የመጣ ነው፤ የቀዩ መብራት መርገብገብም እንዲሁ።

መፍጠኑም ከዚሁ የመነጨ ነው። ባለ 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ያህል ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ሲደመሩ 3.5 አምፔር ይሆናሉ። ኤሌክትሮኒክ ሪሌ ይህን መጠን እየተከታተለ ይሠራል፤ ሲቀንስበት አንድ አምፖል እንደተቃጠለ ቆጥሮ ሹፌሩን ለማስጠንቀቅ ሆን ብሎ ይፈጥናል። ደንቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ብልጭታ ነው። እንግዲህ የተቀየረው ሪሌ የተሰጠውን ሥራ በአግባቡ እየሠራ ነበር ማለት ነው። ጥንት የነበረው፣ በሙቀት የሚታጠፍ ብረት ያለው ፍላሸር ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ያኛው ጭነት ሲቀንስበት ይዘገያል፣ ወይም ሳይርገበገብ በርቶ ይቀራል። ሀዛርድ ሲበራ ምንም የሌለ የሚመስለውም የአራቱ አምፖሎች ጭነት ሲደመር የአንዱ ጉድለት ለሪሌው ስለማይታወቀው ነው።

ሲለኩ ቴስተሩን ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያው) ላይ አያድርጉ። ሠላሳ ክር ካለው ሽቦ አንድ ክር ብቻ ቢተርፍ ቴስተሩ ለዜሮ የቀረበ ኦም ያሳይዎታል፤ ያ አንድ ክር ግን የሦስት አምፖል ጭነት መሸከም አይችልም። መለካት ያለበት መብራቱ እየሠራ ሳለ የሚጠፋው ቮልት ነው። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉና አንዱን ጫፍ ከግራ የኋላ አምፖል መያዣ የማሳ ብረት ጋር፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ አስቀጥለው ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ያገናኙ። ፍሬቻው እየበራ እየጠፋ ቁጥሩን ስለሚያዘልለው፣ ፓርኪንግ አብርተው ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥልዎ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ደህና ነው፤ ከ1 ቮልት በላይ ካነበቡ ጥፋቱን አገኙት።

አዲስ ብርሃን

እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ልፋት አምፖሎቹን ወደ ኤልኢዲ መለወጥ ይሻላል እላለሁ። የሚስበው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ ያረጀ ሽቦ አያስጨንቅም።

የፊውዝ ሳጥን

ኤልኢዲ ጥቂት መሳቡ እዚህ ላይ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ይህ ሪሌ የጭነት ማነስን የሚያነበው እንደ አምፖል መቃጠል ስለሆነ ግራውም ቀኙም መፍጠን ይጀምራሉ። ያንን ለማስተካከል የሚጨመረው ባለ 6 ኦም ሬዚስታንስ ደግሞ የአንድ አምፖል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ እጅ የማያስነካ ይሆናል፤ ፕላስቲክ ወይም ምንጣፍ ከነካም አደገኛ ነው። የዛገውም ማሳ እዚያው እንዳለ ይቀራል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ፊውዙ ነው፤ ምክንያቱም የማሳ መላላት ብርሃን ያዳክማል እንጂ ፊውዝ አያቃጥልም፤ ስለዚህ ጠያቂው ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች አሉበት። የሚቃጠለው የግራው ሲበራ ብቻ ከሆነ፣ ከባትሪ እስከ ማብሪያው ያለው መስመር ነጻ ነው፤ ከማብሪያው ወደ ግራ አምፖሎች የሚሄደው ሽቦ የሆነ ቦታ ላይ ተልጦ መኪናዋ ስትናጥ ላሜራ እየነካ ነው። እባክዎ ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ አያስገቡ፤ በአልሙኒየም ወረቀትም አይጠቅልሉት። ያን ጊዜ በፊውዙ ፈንታ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፤ እሱም የሚያልፈው በምንጣፉና በወንበሮቹ ሥር ነው።

ሾርቱን፣ ማለትም የተላጠው ሽቦ ላሜራ የሚነካበትን ቦታ፣ ለማግኘት ፊውዝ መፍጀት አያስፈልግም። ፊውዙን ያውጡና በቦታው በሁለት ሽቦ የተያያዘ ባለ 21 ዋት አምፖል ያስገቡ። ሪሌውን ነቅለው የመግቢያውንና የመውጫውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ በጃፓን መኪኖች ብዙውን ጊዜ ቢ እና ኤል፣ በጀርመኖቹ 49 እና 49ኤ ተብለው ተጽፈዋል። የግራውን አምፖሎች በሙሉ፣ ጎን ላይ ትንሽ ካለም እሷን ጨምረው ያውጡና ቁልፉን ከፍተው ማብሪያውን ወደ ግራ ያድርጉ። የሙከራ አምፖሉ መጥፋት አለበት። አሁን ሽቦውን ከፊት እስከ ኋላ ቦታ በቦታ እየነቀነቁ ይሂዱ፤ አምፖሉ ቦግ ያለበት ቦታ የተላጠው ቦታ ነው። ሾርት ቢፈጠርም አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦውን አይጎዳውም። በቅድሚያ ሽቦው ላሜራ አቋርጦ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ይመልከቱ።

ባለ አሮጌ መኪና (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፓርኪንግ በርቶ ፍሬን ተረግጦ ስለካ 4.3 ቮልት አነበብኩ። ከአምፖል መያዣው ማሳ ወደ ተፋቀ ላሜራ ጊዜያዊ ሽቦ ስዘረጋ ወደ 0.06 ወረደ፤ የግራውም ፍሬቻ ወዲያው ከቀኙ ጋር እኩል ሆነ፤ ቀስቱም ፍሬን ሲረገጥ መብራቱን ተወ። ምንጣፉን ገልጬ የማሳውን ብሎን ሳገኘው ሥሩ ቀለምና ዝገት ነው፤ የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ አመድ ለብሷል፤ የመብራቱ ሶኬት ላይም የማሳው ጥርስ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ከሙቀት የተነሣ ቡናማ ሆኗል።

በሙከራ አምፖሉ ደግሞ ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን የሽቦ ጥቅል ስነቀንቀው ቦግ አለ። የቀዳዳው መከላከያ ጎማ ተሰባብሮ ወድቋል፤ የአንዱ ሽቦ መዳብ በላሜራው ስለት ልክ ተጋልጦ ይታያል። ይህን በናስትሮ ብጠቀልለው በቂ ነው? ማሳውንስ በጊዜያዊው ሽቦ ልተወው?

ሽቦ ተከታይ

በጊዜያዊው አይተዉት። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። ብሎኑን አውጥተው ሥሩን ነጭ ላሜራ እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ። አረንጓዴ የሆነውን የሽቦ ጫፍ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ ቆርጠው ይጣሉት፤ አረንጓዴው አንዳንድ ጊዜ በፕላስቲኩ ውስጥ ራቅ ብሎ ይገባል፤ ስለዚህ ቢያጥርብዎ እኩል ውፍረት ባለው ሽቦ ያስቀጥሉት። በሽቦው ጫፍ ላይ በብሎኑ የሚታሰር አዲስ የብረት ቀለበት በደንብ ጨምቀው ያስሩና ከታሰረ በኋላ እርጥበት እንዳይገባ ከላይ ግሪስ ይቀቡት። ቡናማ የሆነው ሶኬት ጥርሱ ላልቶ ይሆናል፤ ብረቱ ሙቀት ስላገኘው የመንከስ ጉልበቱን አጥቷል፤ ስለዚህ በፒንሳ ከማጥበብ ጥርሱን መለወጥ ይሻላል፤ ካልተገኘ የማሳውን ሽቦ ብቻ ከሶኬቱ ውጪ በሌላ መገጣጠሚያ ያሳልፉት።

ለተላጠው ሽቦ ናስትሮ ብቻውን አይበቃም፤ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለቅና ስለቱ እንደገና ያገኘዋል። ሽቦውን ቆርጠው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አስቀድመው ካስገቡ በኋላ ያስቀጥሉትና ቱቦውን በላዩ ያኮማትሩት። አብረውት ያለፉትን ሽቦዎችም አንድ በአንድ ይዩአቸው፤ አንዱ ከተላጠ ጎረቤቱ ቢያንስ ተፈግፍጓል። ቀዳዳው ላይ አዲስ ጎማ ሳያስገቡ ግን ጥቅሉን አይመልሱት።

የፊውዝ ሳጥን

አንድ ነገር ልጨምር። ሲጨርሱ የቀኙን ጥግም በዚያው መንገድ ይለኩት፤ ሁለቱም ብሎኖች እኩል ዕድሜ አላቸው፣ የገባባቸውም ውሃ አንድ ነው። ፊውዙን ሲመልሱ ደግሞ አሁን የተገጠመውን አይመኑ፤ ከእርስዎ በፊት የነበረ ሰው ከፍ ያለ አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን አምፔር አይተው ያስገቡ።