ባራ ብሪዝ፦ በሻይ የሚዘፈዘፈው የዌልስ የዘቢብ ዳቦ

ጥያቄ፣ ከካርዲፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማርች 1 የዌልሶች የቅዱስ ዴቪድ በዓል ነው (የካቲት 22፣ የዓድዋ ዋዜማ)። ለልጆች ትምህርት ቤት የሚላክ ባራ ብሪዝ ልኩን የምታውቁ ብትጽፉልኝ። አንዱ በእርሾ ነው ይላል፣ ሌላው በቤኪንግ ፓውደር። ቀኑ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል የጾሙንም ጨምሩበት።

መልስ፣ ከስዋንሲ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው። «ባራ» ዳቦ፣ «ብሪዝ» ዝንጉርጉር ማለት ነው። የድሮው በእርሾ ነው፤ ዛሬ በየቤቱ የሚበዛው ግን የሻዩ ነው፣ ለጀማሪም እሱ ይሻላል።

ልኩ ይኸው፦ 400 ግራም የተቀላቀለ ደረቅ ዘቢብ፣ 300 ሚሊ ሊትር ወፍራም ሻይ፣ 100 ግራም ጠቆር ያለ ቡናማ ስኳር፣ 250 ግራም ሰልፍ ሬይዚንግ ዱቄት (ቤኪንግ ፓውደር አብሮት የተቀላቀለ)፣ 1 እንቁላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቅመም። ቅቤም ዘይትም አይገባበትም።

ሻዩን በ3 ከረጢት 5 ደቂቃ አቆዩት፤ ውሽውሽ ከሆነ ቅጠሉን አጥልሉ። ትኩሱን ዘቢቡና ስኳሩ ላይ አፍስሳችሁ ከድናችሁ አሳድሩት። ጠዋት ዘቢቡ አብጦ፣ ስሩ ቡናማ ሽሮፕ ይቀራል። ሽሮፑን የሚደፉ አሉ፤ አይደፋም፣ የዳቦው እርጥበት እሱ ነው። እንቁላሉን መትታችሁ፣ ከዱቄቱና ከቅመሙ ጋር በማንኪያ ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አዋህዱ። ብዙ ከታሸ ይጠነክራል። ሊጡ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ በጓል በጓል መውደቅ አለበት። 2 ፓውንድ በሚባለው ረጅም መጋገሪያ፣ ወረቀት አንጥፋችሁ፣ በ170 ዲግሪ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ። ፋን ያለው ኦቨን ከሆነ 150።

መልስ፣ ከኒውፖርት፦
የሚበላሽበትን ልጨምር። ሻዩ ሳይበርድ እንቁላል ከገባ እንቁላሉ ይበስላል፣ ቤኪንግ ፓውደሩም ገና ሳይጋገር አረፋውን ይጨርሳል። ዘቢቡ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ተዘፍዝፎ ከሆነ ደግሞ ኦቨን ውስጥ የሊጡን ውሃ ይመጥና ዳቦው ይፈረፈራል። ዘቢቡ ስር ከዘቀጠ ሊጡ ቀጥኗል።

ላዩ አርሮ መሃሉ ሊጥ የሚሆነው በስኳሩ ብዛት ነው፤ ከ45 ደቂቃ በኋላ ላዩን በፎይል ሸፍኑ። ሲፈትኑ ቀጭኑ እንጨት ዘቢብ ከነካ ሁሌም ተጣብቆ ይወጣል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቦታ ውጉ።

ቅመሙን በተመለከተ ገበያ ላይ «ሚክስድ ስፓይስ» ይባላል። ከሌለ ቀረፋ ግማሽ ማንኪያ፣ ዝንጅብል ሩብ፣ ቅርንፉድ ቁንጥር ይበቃል። ሻዩን እንደ እኛ ቤት በቀረፋና በቅርንፉድ ካፈላችሁት የዱቄቱን ቅመም በግማሽ ቀንሱ። ኮረሪማ የሚጨምሩም አሉ፤ ከቁንጥር ካለፈ ግን ዳቦው ንጥር ቅቤ ንጥር ቅቤ ይላል።

መልስ፣ ከለንደን፦
ለጾም የሚወጣው እንቁላሉ ብቻ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ስታቆዩት እንደ እንቁላል ይያያዛል። ተቆልቶ የተፈጨው ጣዕሙ ጎልቶ ስለሚወጣ ጥሬው ይሻላል። ከፍ የማለቱ ነገር ትንሽ ይቀንሳል፣ ሌላ ለውጥ የለውም። ዌልሶች ቆርጠው ቅቤ ይቀቡታል፤ ለጾም ባዶውን ብሉት፣ ደረቅ አይደለም።

የእርሾውን የምትሞክሩ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ በድሮው አሠራር ላርድ ይገባበታል፣ ማለትም የአሳማ ስብ። በልኩ ቅቤ ተኩ። ስቡም፣ ስኳሩም፣ ቀረፋውም እርሾውን ስለሚያዘገዩት ከተራ ዳቦ ሊጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጥ፤ ዘቢቡ ደግሞ ሊጡን እንዳይቀድ ከታሸ በኋላ ይግባ።

መልስ፣ ከሜሪላንድ፦
አሜሪካ ላላችሁ፦ እዚህ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ጨው አለበት፣ ሌላ አትጨምሩ። ከሌላችሁ 250 ግራም ተራ ዱቄት (2 ካፕ ገደማ) ከ3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ከግማሽ ማንኪያ ጨው ጋር ነፉ። 170 ዲግሪው በፋራናይት 340 ገደማ ነው።

መልስ፣ ከስዋንሲ፦
ትኩሱን እንዳትቆርጡት፣ ይፈራርሳል። በወረቀት ጠቅልላችሁ በቆርቆሮ ዕቃ ካስቀመጣችሁት በማግስቱ ይለሰልሳል፣ ጣዕሙም ይበስላል። ለማርች 1 ከሆነ ፌብሩዋሪ 26 ማታ ዘፍዝፉ፣ 27 ጋግሩ።